ልብ አጥንት አለውን? ስለ ሕፃንነት ሥራና ስለ ኋለኛ እርማት

ሰው በሸመገለ ጊዜ የሕፃንነቱን ሥራ መለስ ብሎ ሲመለከት ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ንቀት ነው፤ ሁለተኛው ፍቅር ነው። የናቀው እንደ ሆነ ይጥለዋል ወይም ያቃጥለዋል። የወደደው እንደ ሆነ ደግሞ ያስጌጠዋል፥ ጐደሎውን ይሞላዋል፥ ጠማማውን ያቀናዋል፤ ከዚያም በኋላ «በልጅነቴ የሠራሁት ይህ ነው» ብሎ ለሰው ያሳየዋል። ንቀት ሥራውን ያጠፋዋል፤ ፍቅር ግን ሥራውን አጥፍቶ በስሙ ሌላ ያቆምበታል። ከሁለቱ የከፋው የትኛው እንደ ሆነ ለመመርመር ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ። ስለ ሌሎች ሰዎች ብቻ ብጽፍ በቀለለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ነገሩ በራሴም ላይ የደረሰ ስለ ሆነ፥ ሌሎችን አስቀድሜ ራሴን በመጨረሻ ለፍርድ አቀርባለሁ።

በኦስትሪያ አገር በቪየና ከተማ አልቤርቲና በሚባለው የሥዕል ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ሥዕል ተጠብቆ ይገኛል። የሠራው አልብሬኽት ዲውረር የሚባል ሰው ነው። እርሱም በ1471 ዓመት በጀርመን አገር በኑርንበርግ ከተማ ተወለደ፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበረ፤ ልጁም አስቀድሞ የአባቱን ጥበብ ተማረ። በ1484 ዓመት፥ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፥ በመስተዋት ፊት ተቀምጦ የራሱን መልክ ሣለ። በሥዕሉ ላይ አንዲቱ እጁ ጣቷን ዘርግታ ወዲያ ታመለክታለች፤ ሁለተኛይቱ ግን በእጅጌው ውስጥ ተሰውራ አትታይም። የሣለበት መሣሪያ ጫፉ ብር የሆነ ሹል ነገር ነው፤ ወረቀቱም አስቀድሞ ቅብ የተቀባ ነው። በዚህ ዐይነት የተሠመረ መሥመር እንደ ከሰል በጣት ተጠርጎ አይጠፋም፤ የተሳሳተው ስሕተት ከነስሕተቱ ይቀራል።

ይህ ልጅ አድጎ በአውሮፓ ሁሉ ስሙ የተጠራ ሠዓሊ ሆነ። በ1500 ዓመት የራሱን መልክ ፊት ለፊት ሣለ፤ ሥዕሉም በሙኒክ ከተማ ይገኛል፤ አሳሳሉ በቀድሞ ዘመን የጌታችን መልክ ይሣልበት የነበረውን ሥርዓት ይመስላል። በ1508 ዓመት ደግሞ ለጸሎት የተገጠሙ ሁለት እጆችን ሣለ፤ እነዚህም እጆች በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ የሚገኙትም በዚያው የልጅነት ሥዕሉ በሚገኝበት ቤት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ልብ በል። በሕፃንነቱ አንዲቱን እጁን በእጅጌ ውስጥ የሰወረው ልጅ፥ በጐልማሳነቱ እጅን ከማንም ይልቅ አሳምሮ የሚሥል ሰው ሆነ።

እንግዲህ ይህ ሰው ዐዋቂ ከሆነ በኋላ ያችን የልጅነት ወረቀት ባየ ጊዜ ምን አደረገ? በራስጌዋ ላይ በእጁ ጽሕፈት ጨመረባት። የጽሕፈቱም ሐሳብ፥ በ1484 ዓመት ገና ሕፃን ሳለ የራሱን መልክ ከመስተዋት አይቶ እንደ ሣለው የሚገልጽ ነው። ዓመቱን፥ መስተዋቱን፥ ሕፃን መሆኑን ተናገረ፤ ስሙንም ጻፈ። ከዚህ በቀር ሌላ አልጨመረም። ጽሕፈት የጨመረች እጅ መሥመርም ልትጨምር ትችል ነበር፤ ነገር ግን የተሰወረችው እጅ እንደ ተሰወረች ቀረች። እኔ በዚህ ሰው ላይ የማደንቀው ከሥዕሉ ማማር ይልቅ ይህን መታገሡን ነው። ዐዋቂው ለሕፃኑ ምስክር ሆነለት እንጂ በሕፃኑ ቦታ አልቆመም።

በጃፓን አገር ደግሞ ሆኩሳይ የሚባል ሠዓሊ ነበረ፤ በ1760 ዓመት ተወልዶ በ1849 ዓመት ሞተ። በ1834 ዓመት ስለ ፉጂ ተራራ ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፥ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የመሣል ፍቅር እንደ ነበረው፥ ዳሩ ግን ከሰባ ዓመቱ በፊት ከሠራው ሁሉ ከቍጥር የሚገባ እንደሌለው፥ ዕድሜው በረዘመ መጠን ግን ጥበቡ እንደሚሻሻል ተስፋ ማድረጉን ጽፏል። ይህ ንግግር ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ አለበትም። ነገር ግን በስድሳ አራት ዓመት ውስጥ የተሠራውን ሁሉ በአንድ ቃል መጣል ከትሕትና ወደ ንቀት የሚያዘነብል ሆኖ ይታየኛል። ሆኖም ይህም ሰው ቢሆን የቀደመውን ሥራውን ናቀው እንጂ በኋለኛው ብሩሹ አልለወጠውም፤ ስለዚህ የናቀውን ሥራውን ዛሬ ሰው ሁሉ አይቶ በገዛ ዐይኑ ይፈርድበታል።

ከሁለቱም ይልቅ ነገሩን አጥብቆ የመረመረው የኢጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ነው። ይህ ሊቅ በሽምግልናው ወራት፥ ከዕረፍቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፥ በ427 ዓመት አካባቢ፥ የጻፋቸውን ድርሳናት አንድ በአንድ መልሶ አነበበና ስለ እነርሱ ሁለት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፈ። የመረመራቸውም ድርሳናት 93 ናቸው። ገና ሳይጠመቅ፥ ንኡሰ ክርስቲያን ሳለ የጻፋቸውን እንኳ አላስቀረም። በተጻፉበት ተራ አሰልፎ፥ በዚህ ቦታ እንዲህ ማለቴ አይገባም ነበር፥ በዚያ ቦታ ቃሉን ሳልመረምር ተናገርሁ፥ እያለ በራሱ ላይ ፈረደ። በተራ ያሰለፈበትንም ምክንያት ሲናገር፥ በዚህ ተራ የሚያነብ ሰው እንዴት እየጻፈ እንደ አደገ ምናልባት ያስተውላል የሚል ሐሳብ ሰጥቷል። መጻሕፍቱ አስቀድመው በሰው እጅ ገብተዋልና መልሶ ሊሰበስባቸው አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ስሕተቱን መፋቅ ሲሳነው መናዘዝን መረጠ። ደግሞ በወጣትነቱ ስለ ውበት የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፉ ጠፍቶበት እንደ ነበር በሌላ መጽሐፉ ተናግሯል፤ የጠፋውንም «እንዲህ ነበረ» ብሎ ከልቡ አንቅቶ አልጻፈልንም። የጠፋው እንደ ጠፋ፥ የተሳሳተው እንደ ተሳሳተ ቀረ።

ነገሩን ከሩቅ ብናመጣው እንኳ ትምህርቱ በቤታችን የሌለ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ በመምህሩ በአጎቱ በጌዴዎን ተገርፎ፥ ከትምህርት ቤት ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ በዚያም አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ጊዜ ሲደርስ አየ። ቤተ ክርስቲያናችን የዜማውን ባለቤት ስታከብር፥ ልጅነቱን «ከተወለደ ጀምሮ ዐዋቂ ነበረ» ብላ አላሳመረችውም። ስድስቱን መውደቅ ከሰባተኛው መውጣት ጋራ አንድ አድርጋ ታስተምራለች። ስድስቱ ቢፋቁ ሰባተኛው ምን ትርጓሜ ይኖረዋል? እንደዚሁም የሐዋርያት አለቃ የጴጥሮስ ክሕደት በአራቱም ወንጌላውያን ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱን የሚያከብሩ ሰዎች ሲጽፉለት ያችን ሌሊት አልፋቋትም።

ብራና የሚጽፉ አባቶቻችንም ሁለት ዐይነት እርማት ያውቃሉ። አንዱ በቢላዋ ፍቆ በፋቁት ቦታ ላይ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈውን ሳይነኩ በመሥመር መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጎ ትክክለኛውን ማኖር ነው። ለአንድ ፊደል መሳሳት መፋቅ ነውር የለበትም፤ የቅዱሳት መጻሕፍትን ንባብ ለማቅናትም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ የሚተርከው ነገር ሲሆን፥ መፋቅ እርማት መሆኑ ቀርቶ ሐሰት ይሆናል። እኔም ያደረግሁት ይህን ነው።

ስለ ራሴ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ቅኔ ጠባይ ጥቂት ልናገር። ሠዓሊ የልጅነቱን ሥራ መለስ ብሎ ለማየት ቢፈልግ ወረቀቱ ይቈየዋል። ባለቅኔ ግን ይህ ዕድል የለውም። ተማሪው ሌሊት ወይም ማለዳ በዛፍ ሥር፥ በመቃብር ቤት ወይም በዱር ተቀምጦ ይቈጥራል፤ በነገራው ሰዓት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናለታል ወይም ይጥልበታል፤ ነገሩ በዚያው ያልፋል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ መቍጠር ግዴታ ነው፤ የትናንቱን የሚደግም ተማሪ ይዋረዳል። ከዕለት ወደ ዕለት ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዘአምላኪየ ወደ ሚበዝኁ፥ ከዚያም ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ፥ በመጨረሻም ወደ መወድስና ወደ ዕጣነ ሞገር ይወጣል፤ የወጣበትን መሰላል ግን በኋላው አያገኘውም። ከብዙ ሺህ ቅኔ በልቡ የሚቀሩለት ጥቂቶች ናቸው። ልብ ደግሞ እንደ ብር መሥመር አይደለም፤ ሳይታወቀው የሚፍቅ ቢላዋ አለው። ስለዚህ ባለቅኔ ስለ ልጅነት ሥራው ሲናገር ከሠዓሊ ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ የሚመሰክርበት ወረቀት የለምና።

በእኔ ላይ ግን የሚመሰክር ወረቀት ተገኘ።

ቅኔ የተማርሁት በጎጃም፥ የዋሸራን ስልት በሚያስተምሩ መምህር ዘንድ ነው። በገባሁበት ዓመት ዕድሜዬ 12 ነበረ። ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ባልንጀራ ነበረኝ፤ እርሱም ከሁላችን የሚለየው የሰማውን ሁሉ በደብተር ይጽፍ ስለ ነበረ ነው። ተማሪው በዚህ ይዘብትበት ነበር፤ ቅኔን በወረቀት መያዝ የሰነፍ ሥራ ይመስለን ነበርና። ይህ ባልንጀራዬ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ከአርባው በኋላ ልጁ ወደ ቤቴ መጥቶ፥ «የኔታ፥ አባቴ ሲታመሙ ይህን ለእርስዎ እንድሰጥ ነግረውኝ ነበር» ብሎ አንድ ያረጀ ደብተር ሰጠኝ። ከፍቼ ባየሁ ጊዜ በአንደኛው ገጽ ላይ የገዛ ስሜን፥ ከስሜም በታች የመጀመሪያዪቱን ጉባኤ ቃናዬን አገኘሁ። እንዲህ ትላለች፦

ልብየ ነዳይ ኀበ አንቀጸ መምህር ቆመ፤
እስመ ረኃበ ጥበብ ኵሎ አዕፅምቲሁ አድከመ።

ወደ አማርኛ ሲመለስ፥ ድኻው ልቤ በመምህር ደጅ ቆመ፤ የጥበብ ረኃብ አጥንቶቹን ሁሉ አድክሞበታልና፥ ማለት ነው። ከቅኔው በታች ባልንጀራዬ በትንሽ ፊደል የዕለቱን ነገር ጽፎ ነበር። ቃሉም ይህ ነው፦ «የኔታ ‹ልብ አጥንት አለውን?› ብለው ጠየቁት። ተማሪ ሁሉ ሳቀ። እርሱ ዝም አለ። የኔታ ‹ዛሬ እህል ቀምሰሃልን?› አሉት። ‹አልቀመስሁም› አለ። ነገራው ቆመና እንጀራ አስመጡለት።»

አሁን እንደ ሐያሲ ልናገር። ቅኔዪቱ የጀማሪ ናት፤ ነገር ግን መንገዱን ታውቃለች። «ልብየ» ወርቅ ነው፥ «ነዳይ» ሰሙ ነው፤ በቅጽል ተገጥመዋል። «አንቀጽ» ሰም ነው፥ «መምህር» ወርቁ ነው፤ «ረኃብ» ሰም ነው፥ «ጥበብ» ወርቁ ነው፤ እነዚህም በተናባቢ ተይዘዋል። ቤቱም ተመትቷል። እስከዚህ ድረስ ነቀፋ የለባትም። ጕድለቷ «አዕፅምት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ለነዳይ አጥንት አለው፤ ለልብ ግን የለውም። ስለዚህ ይህ ቃል ወርቅ የሌለው ሰም ሆኖ ብቻውን ቀርቷል። መምህሬ በአንድ ጥያቄ የነኩት ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ሂስ በዘመኔ አልሰማሁም።

ዳሩ ግን የመምህሬ ሂስ በመጀመሪያው ጥያቄ አላለቀም፤ ሁለተኛው ጥያቄ የሂሱ ፍጻሜ ነው። ለልብ አጥንት ከሌለው፥ እነዚህ አጥንቶች የማን ናቸው? ብለው በልባቸው መረመሩ፤ የቈጣሪው የልጁ እንደ ሆኑ ዐወቁ። ልጁ ስለ ጥበብ ረኃብ ለመናገር ብሎ የእንጀራውን ረኃብ ሳያውቅ ተናገረ። ተማሪው ስሕተቱን ሰምቶ ሳቀ፤ መምህሩ በስሕተቱ ቀዳዳ ገብተው ሰውየውን አገኙት።

በዚያው ገጽ ግርጌ ደግሞ አንድ ሥዕል ነበረ። በባልንጀራዬ ደብተር ላይ እኔ በቀለም የሣልሁት እንደ ሆነ በአጠገቡ ተጽፎበታል፤ እኔ ግን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ሥዕሉ የአንድ ውሻ ሥዕል ነው። ውሻው ከኋላው ካለው ቤት ይበልጣል፤ አፉም ከሌላው ገላው ሁሉ ይበልጣል። በማዕዘኑ ላይ ደበሎ የለበሰና አኩፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ ቆሟል፤ ቁመቱ ከውሻው ጥርስ አይበልጥም። የሥዕል ሊቅ ቢያየው ልኩ የጠፋ ነው ይላል። ነገር ግን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ የለመነ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ልኩ ትክክል መሆኑን ይመሰክርልኛል። ያን ዕለት ለምን እህል እንዳልቀመስሁ የሚናገር ቃል በቅኔዪቱ ውስጥ የለም፤ ሥዕሉ ግን ይናገራል። በመምህር ደጅ የቆመው ልብ፥ አስቀድሞ ከሌላ ደጅ በውሻ የተባረረ ነበረ።

እንግዲህ ኀጢአቴን ልናገር። መምህር ከሆንሁ በኋላ ይህችን ጉባኤ ቃና ለደቀ መዛሙርቴ ብዙ ጊዜ ነግሬአለሁ። ነገር ግን ስነግራት እንዲህ አድርጌ ነበር፦

ልብየ ነዳይ ኀበ አንቀጸ መምህር ቆመ፤
እስመ ረኃበ ጥበብ ኵሎ ኅሊናሁ አድከመ።

«አዕፅምቲሁ» የነበረውን «ኅሊናሁ» አልሁት። መቼ እንደ ለወጥሁት አላስታውስም፤ መጀመሪያ ስለውጠው ግን ማወቄን አስታውሳለሁ። ከዚያም በላይ «ይህን በ12 ዓመቴ ቈጠርሁ፥ መምህሬም ሰምተው መረቁኝ» እያልሁ እጨምር ነበር። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በአንድ ታላቅ በዓል መምህራን በተሰበሰቡበት ጉባኤ፥ ስለ ቅኔ ትምህርት ተጠይቄ ይህንኑ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተናገርሁ። ጉባኤው አደነቀ። ባልንጀራዬ በሁለተኛው ተራ ተቀምጦ ነበር። ደብተሩ በቤቱ እንዳለ እርሱ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ምንም ቃል አልተናገረም። ከጉባኤው ስንወጣ እጄን ይዞ ስለ ልጆቼ ጤንነት ጠየቀኝ። እስኪሞት ድረስ አላሳፈረኝም፤ ከሞተ በኋላ ግን ደብተሩን ላከልኝ። ይህ የወዳጅ ተግሣጽ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የለዘበም፥ ከዚህ የበለጠ የከበደም ተግሣጽ አላውቅም።

በደሉ እንዲህ ከሆነ፥ እርማቱስ እንደ እርማት መልካም ነበረን? ይህን መመርመር የሂስ ሥራ ነውና ራሴን ሳላዳላ እመረምራለሁ። «ኅሊና» ለልብ ይስማማል፤ ስለዚህ የወርቁ ጕድለት የተሞላ ይመስላል። ነገር ግን የነዳይን ነገር ተመልከት፤ ረኃብ በድኻ ላይ በመጀመሪያ የሚያደክመው ጕልበትን ነው፥ አጥንትን ነው። «ኅሊናሁ» ባልሁ ጊዜ በደጅ የቆመው ድኻ ከቅኔው ወጥቶ ሄደ። የቀድሞው ቅኔ ወርቅ የሌለው ሰም ነበረው፤ የታረመው ቅኔ ሰም የሌለው ወርቅ ሆነ። እንግዲያስ ጕድለቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ተዛወረ እንጂ አልተፈወሰም። ታዲያ ያ ሁሉ ጉባኤ ይህን ስለ ምን አላስተዋለም? ወርቅ የሌለው ሰም ተማሪን ያሥቃል፤ ሰም የሌለው ወርቅ ግን ሊቃውንትን ደስ ያሰኛል። በጐደለ እንጀራ የተሰበረ ቃል ነውሩ ይታያል፤ በጠገበ ሰው የተስተካከለ ቃል ነውሩ አይታይም።

ወርቅ አንጥረኛ ጌጡን ሲሠራ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ያለብሳል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙ ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። የቅኔያችን ስያሜ ከዚህ የተወሰደ ነው። ነገር ግን ሰሙ ሳይቀረጽ ወርቅ ቢያፈሱ ጌጥ አይሆንም፤ መልክ የሌለው ድልብልብ ይሆናል። ረኃቡን፥ ውሻውን፥ ሣቁን አውጥቼ በመምህር ምርቃት በተካሁ ጊዜ ያተረፍሁት እንዲህ ያለውን ወርቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን፥ ለራሴ ክብር ብዬ መምህሬን ማሳነሴ ነው። እውነተኛው ታሪክ የእርሳቸውን ታላቅነት ይናገር ነበር፤ ሂሳቸውንና እንጀራቸውን። እኔ ግን ሁለቱንም ፍቄ ምርቃት ብቻ ሰጠኋቸው። በምርቃት የማይታወቅ መምህር የለም፤ በሁለተኛዪቱ ጥያቄ የሚታወቅ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ ወዲያ በመጀመሪያ የጠየቅሁትን ልመልስ። የሕፃንነትን ሥራ ከናቀውና ካሳመረው የትኛው ይከፋል? የናቀው ሰው ለሌላው ፈራጅ ቦታ ይተዋል፤ እርሱ የጣለውን ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ የሆኩሳይን ሥራ ሰው ሁሉ አንሥቶታል። ያሳመረው ግን ለማንም ቦታ አይተውም፤ የሕፃኑን አፍ ይዞ በሕፃኑ ድምፅ ይናገራልና። ስለዚህ ማሳመር ይከፋል ብዬ እፈርዳለሁ፤ ፍርዱም በራሴ ላይ ይጸናል።

ደብተሩ በእጄ ከገባ በኋላ በነበረው በመጀመሪያው የነገራ ዕለት ደቀ መዛሙርቴን ሰብስቤ ሁለቱንም ቅኔ ነገርኋቸው፤ የፊተኛው በ12 ዓመቴ የተቈጠረ፥ የኋለኛው ግን በጐልማሳነቴ የተፋቀ እንደ ሆነ ነገርኋቸው፤ ሥዕሉንም አሳየኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ፥ «የኔታ፥ እንግዲያስ ሁለቱም ካነከሱ ሦስተኛ ቍጠሩልንና ሰሙም ወርቁም ይሙላ» አለኝ። ጥያቄው መልካም ነው። «አዕፅምት» ለነዳይ፥ ለልብም የሚስማማ ሌላ ቃል መፈለግ ለአንድ መምህር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን «እርሱ የሃምሳ ዓመት ሰው ቅኔ ይሆናል፤ ብቈጥረው የተቈጠረበትን ዕለት ጽፌ እነግራችኋለሁ፤ ለዚያ ልጅ ግን አልሰጠውም፤ እርሱ የራሱ አለው» ብዬ መለስሁለት። እስከ ዛሬ አልቈጠርሁትም።

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት በሣጥንህ ግርጌ የልጅነትህ ሥራ ይኖር ይሆናል፤ ሥዕል ወይም ደብዳቤ ወይም ግጥም። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት እድሳት በሚደረግበት ጊዜ በቀድሞው ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም ሲቀባ እናዝናለን፤ የአባቶች እጅ ተሸፈነ እያልን እንጮኻለን። የሕፃን እጅም እጅ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ቢሸፍነውም መሸፈኑ አይቀርም። ብትነቅፈው ንቀፈው፤ ነቀፋህን ግን በኅዳጉ ላይ ጻፈው፥ ዕለቱንም አብረህ ጻፍ። የተሰወረችውን እጅ ከእጅጌዋ አታውጣት፤ ውሻውንም ወደ ልኩ አትመልሰው። ለልብህም አጥንት ሰጥተኸው ብትገኝ አትፈር፤ ምናልባት አንድ ቀን «እህል ቀምሰሃልን?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው በዚያ ስሕተት ያገኝሃል።

የመምህሬንና የባልንጀራዬን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፥ በይስሐቅ፥ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልኝ።